የሮብሌ ተራ

ግንቦት ነው። ደቻቱ አሸዋውን ለብሶ ተኝቷል፤
ቧንቧው ሦስት ቀን ሳል ብቻ ሲተፋ ሰንብቶ
ዛሬ ውሃ ይለቀቃል ተብሏል።

ሌሊት አስር ሰዓት፣ ወፍ ገና ሳይንጫጫ፣
ከቦኖው ግንብ ሥር ተደርድሯል ቢጫ፤
ጀሪካን ለአባወራ፣ ድንጋይ ለላጤ ቤት፣
ስሊፐር ለልጅቱ፣ ጡብ ለጎረቤት፤
ሰው ሄዶ ሲያንቀላፋ
ዕቃ ቆሞ ይጠብቃል ወረፋ።

ሰባተኛው የሮብሌ ነው።
(ድሬ ላይ ሽማግሌም «አንተ» ነው።)
አንገቱ ላይ በሲባጎ የሐዲድ ብሎን አስሮበታል፤
ሠላሳ ዓመት ባቡር ጠግኜ
የቀረችኝ ጡረታ እሷ ናት ይላል።

እኔ አስራ ስምንተኛ ነኝ። ሎጂክ አስተምራለሁ።
ትናንት ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ ተማሪው በደብተር ፊቱን ሲያራግብ፣
ሦስት መስመር ጻፍኩ፣ አንዱ አንዱን ተሸክሞ እንደ ካብ፦
ሰው ሁሉ ሟች ነው።
እገሌ ሰው ነው።
ስለዚህ
ከኋላ ወንበር ኢብሳ እጁን አወጣ፦
«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ውሃ ያመጣል?»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣
መልስ የሌለው ሰው የሚስቀውን ያህል።
ደወል አዳነኝ። «ስለዚህ» ሰሌዳው ላይ አደረች።

አሁን ከገንደ ቆሬ በኩል አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ፤
«ሮብሌ…» አለና ትንፋሹን ፈለገ፣ አጣ።
ማታ በገዛ እጁ ነበር ጀሪካኑን ያቆመ፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልቡ ደከመ።

«አላህ ይማረው» አለ ስምንተኛው፤
ቀስ አድርጎ የራሱን ጀሪካን በእግሩ ወደ ፊት ገፋው።
«አቦ፣ ተራ የሰው ነው፤ ሰውየው ከሌለ ተራው የት አለ?»
«ቃሉን ነው ያስቀመጠው» አለች አንዷ፣
«ቃል ደግሞ ከሰው ጋር አይቀበርም።»
ፒካፕ ላይ ሁለት ሮቶ የጫነ ሰውዬ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
ብር በመስኮት ዘረጋ፦
«የሟቹን ቦታ ልግዛ፤ ለልጆቹ ሰደቃ ይሁን።»
ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያስቸገረንም ይኸው ነው።

ኢፍቱ፣ የቦኖው ቁልፍ አንገቷ ላይ፣
ፊደል የቆጠረችው ከውሃ ቢል ላይ፣
ብሎኗን በጣቷ ወዘወዘች፦
«ሮብሌ ሲተኛ ይሄ ጀሪካን ቆሞለታል፤
ሻይ ሲጠጣ ቆሞለታል፤
መስጊድ ሲገባ ቆሞለታል፤
ታዲያ ሲሞት ለምን ይቀመጣል?
ደግሞስ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ጀናዛው በምን ይታጠባል?»

ፒካፑ ሄደ። ስምንተኛው ጀሪካኑን መልሶ ሳበ።
እኔም ቾክ ሳልይዝ፣ ሰሌዳ ሳይኖር፣
ትናንት የተውኳት ቃል ስትንኳኳ የሰማሁ መሰለኝ፤
ጀሪካኑ ሲሞላ ጎኑን የምትነካው ብሎን ነበር።

ተሸክሜ ወሰድኩለት፤
ከሰልፉ ጉልበት ያለኝ መስዬ ስለታየሁ ብቻ።
ክዳኑ ያፈሳል። ትከሻዬን እያራሰ ደቻቱን ስሻገር
ስሙ ትዝ አለኝ፤ በሶማሊኛ
ዝናብ ሲጥል ለተወለደ ልጅ የሚሰጥ ስም ነበር።
ሚስቱ በሩ ላይ ተቀበለችኝ።
«ማን ላከው?»
«ራሱ» አልኳት። «ማታ ነው የተሰለፈው።»

ስመለስ ውሃው ቆሟል።
አስራ ሰባተኛው ላይ ነው የቆመው።
ሂሳቡን ማንም አልነገረኝም፤
ሎጂክ አስተማሪ ነኝ፣ ራሴ ደረስኩበት።
እስከ ክፍል ድረስ አኘክሁት።
አልጣፈጠኝም። አልተፋሁትም።

ሁለት ሰዓት። ፊቴን ሳልታጠብ ገባሁ።
ማንም ያልደመሰሳት «ስለዚህ»
እንደ ወረፋ ድንጋይ ቆማ ትጠብቃለች።
«ኢብሳ፣ የትናንቱ ጥያቄህ…»
«የቱ፣ ቲቸር?»
ረስቶታል።
ቾኩን አነሳሁ፤ የምጽፈውን ገና አላወቅሁም።
በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት፣
ትከሻዬ ላይ የሮብሌ ውሃ አልደረቀም።